ኤሲው 16 ላይ ነው፤ ቤቱ ግን አልቀዘቀዘም

ይህን ደብዳቤ የላኩልን ከባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ የሚኖሩ አንባቢ ናቸው፦

«ጤና ይስጥልኝ። ቤታችን ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ሳሎኑ አራት ሜትር በአራት ሜትር ሲሆን ኮርኒስ የለውም፤ ትልቁ መስኮት ወደ ምዕራብ ይመለከታል። አምና ሙቀቱ ሲብስብን የማቀዝቀዝ አቅሙ 18,000 ቢቲዩ የሆነ ኤሲ ገዝተን አስገጠምን። ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ ቶሎ እንዲቀዘቅዝ ብሎ 16 ላይ ያደርገዋል። ወንድሙ ደግሞ ቆጣሪውን የሚበላው ማጥፋትና ማብራቱ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ሳይጠፋ ይዋል ይላል። አማቴ በበኩላቸው ታፍነን እንዳናልቅ እያሉ በሩን ገርበብ ያደርጉታል። የገጠመልን ባለሙያ በየዓመቱ ጋዝ መሞላት አለበት ብሎ ዘንድሮም ሊመጣ ነው። ቤቱ እንደምንመኘው አልቀዘቀዘም፤ የመብራት ካርዱ ግን ቶሎ ቶሎ ያልቃል። በውኃ የሚሠራውን ማቀዝቀዣ ብንጠይቅ፣ ሐይቅ ዳር አየሩ እርጥብ ስለሆነ አይሠራም ተባልን። አሁን ለመኝታ ቤቱ ሁለተኛ ኤሲ ስለመግዛት እየተነጋገርን ነው። ከእነዚህ ሰዎች ትክክሉ ማን ነው? ሁለተኛውንስ እንግዛ?»

የተከበሩ እህታችን፣

ባለቤትዎም፣ ወንድማቸውም፣ ባለሙያውም ተሳስተዋል። አማትዎ ስለ ቆጣሪው ባይሆንም ስለ አየሩ ያነሡት ስጋት ግን በቁም ነገር ሊወሰድ የሚገባው ስለሆነ ወደ እርሱ ሰፋ አድርጌ እመለሳለሁ። ባለቤትዎና ወንድማቸው የተሳሳቱት ከአንድ ቦታ ተነሥተው ይመስለኛል፤ ኤሲን ብርድ የሚያመርት ዕቃ አድርገው ያስቡታል። ኤሲ ብርድ አያመርትም። በክፍሉ ውስጥ ያለውን ሙቀት በቧንቧዎቹ ውስጥ በሚዘዋወረው ጋዝ አማካይነት ለቅሞ ወደ ውጭ ያወጣል፤ የውጭው ሳጥን ሲሠራ አጠገቡ ቢቆሙ የሚነፍስብዎት ትኩስ አየር ከሳሎንዎ የወጣው ሙቀት ነው። እንግዲህ ካርዱ ምን ያህል ቶሎ እንደሚያልቅ የሚወስነው ከሁሉ በፊት ወደ ቤቱ የሚገባው ሙቀት ነው፤ በሪሞቱ ላይ የሚታየው ቁጥር ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል።

ቁጥሩ የማሽኑን ጉልበት አይገልጽም፤ የት ደርሶ እንዲያርፍ ብቻ ነው የሚነግረው። ኤሲዎ ኢንቨርተር (የሞተሩን ፍጥነት እንደ ሙቀቱ የሚለዋውጥ መሣሪያ) የሌለው ከሆነ ጋዙን የሚገፋው ሞተር፣ ማለትም ኮምፕሬሰሩ፣ መሥራትና መቆም እንጂ ሌላ አያውቅም፤ 16 ላይም ቢደረግ 25 ላይም ቢደረግ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የሚሠራው ሥራም ሆነ የሚነፍሰው አየር ቅዝቃዜ አንድ ዓይነት ነው። ኢንቨርተር ያለው እንኳ ክፍሉ በጋለበት ሰዓት 25 ላይ ተደርጎም በከፍተኛ ፍጥነቱ ይነሣል፤ ወደ ተፈለገው ቁጥር ሲጠጋ ነው የሚረጋጋው። ልዩነቱ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። ክፍሉ 25 ዲግሪ ሲደርስ 25 ላይ የተደረገው ማሽን ያርፋል፤ 16 ላይ የተደረገው ግን ይቀጥላል፤ ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ቤት ውስጥ በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ 16 ዲግሪ የሚባል ነገር ስለማይገኝ ሳያርፍ ያመሻል።

ይህን ለባለቤትዎ በክርክር ከማስረዳት ይልቅ በጆሮ ማሳየቱ ይቀላል። በሩና መስኮቱ ተዘግቶ፣ ኤሲው 26 ላይ ሆኖ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ግቢ ወጥታችሁ የውጭው ሳጥን አጠገብ ጥቂት ቁሙ። ሳሎን ውስጥ ያለው የማሽኑ ክፍል መንፈሱን ስለማያቋርጥ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ኮምፕሬሰሩ መቼ እንደቆመ አያውቅም፤ ከውጭ ግን «ቀጭ» ብሎ ጉርምርምታው ሲቋረጥ፣ ከደቂቃዎች በኋላም ተመልሶ ሲነሣ በግልጽ ይሰማል። ያ የዝምታ ጊዜ ካርዱ የማይቆጠርበት ጊዜ ነው ማለት ይቻላል። በማግስቱ ማታ 16 ላይ አድርጋችሁ ያንኑ ብታደርጉ ዝምታውን አታገኙትም።

በቁጥር እንየው። 18,000 ቢቲዩ የሆነ ኢንቨርተር አልባ ኤሲ ኮምፕሬሰሩ ሲሠራ ከ1.5 እስከ 2 ኪሎዋት ይወስዳል። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ሳያርፍ ቢሠራ በአምስት ሰዓት ውስጥ ከ7.5 እስከ 10 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ በወር ከ225 እስከ 300። ግማሹን ጊዜ ቢያርፍ ሒሳቡም በግማሽ ይወርዳል። በአገራችን የቤት ታሪፍ ብዙ በተጠቀሙ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ራሱ ስለሚጨምር ካርዱ የሚያልቅበት ፍጥነት ከዚህም ይብሳል። 60 ዋት የሚወስድ ቬንትሌተር በዚያው አምስት ሰዓት 0.3 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው የሚጨርሰው። ቬንትሌተር ክፍሉን አያቀዘቅዝም፤ ላቡን በማድረቅ ሰውን ነው የሚያቀዘቅዘው። ስለዚህ ሰው በሌለበት ክፍል ሲሽከረከር መዋሉ ከንቱ ነው፤ ሰው ባለበት ግን ሁለት ሦስት ዲግሪ የወረደ ያህል እንዲሰማ ያደርጋል። 26 ላይ የተደረገ ኤሲ ከቬንትሌተር ጋር ለአብዛኛው ሰው ይበቃል።

ባለቤትዎ በእውነት ቶሎ እንዲቀዘቅዝ ከፈለጉ መንገዱ ሌላ ነው። ቀኑን ሙሉ ተዘግቶ የዋለ የቆርቆሮ ቤት በ11 ሰዓት ከውጩ አየር ይልቅ ይሞቃል። እንደገቡ በሩንና መስኮቶቹን ወለል አድርገው ለአሥር ደቂቃ ያህል ይክፈቱና የታመቀው ሙቀት ይውጣ፤ ከዚያ ይዝጉ፤ ኤሲውን 25 ወይም 26 ላይ አድርገው የንፋሱን ፍጥነት ከፍተኛው ላይ ያድርጉት። የመንፈሻውን ክንፍ ወደ ላይ ያቅኑት። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ከላይ ተለቆ በራሱ ይወርዳል፤ በቀጥታ ደረት ላይ ሲነፍስ ግን ብርድ መታኝ የሚል ሰው ከቤት አይጠፋም።

ወንድማቸው ስላሉት። ማሽኑ ሲነሣ ለቅጽበት ብዙ ኃይል እንደሚስብ እውነት ነው፤ አምፖሉ ለአንድ አፍታ ደብዘዝ ሲል አይተው ይሆናል። ነገር ግን ቆጣሪ የሚቆጥረው ኃይልን ከጊዜ ጋር አባዝቶ ነው፤ ከአንድ ሰከንድ የማይበልጥ ግፊት በካርዱ ላይ የሚያሳየው ነገር የለም። ቀኑን ሙሉ ማቀዝቀዝ የሚያከስርበትን ምክንያት የሚያፈስ እንስራ ያስረዳል፦ ጠዋት ሞልተው ማታ ድረስ እየሞሉ ቢጠብቁት የሚፈሰው ውኃ፣ ባዶውን ውሎ ሲፈለግ ከሚሞላው በብዙ ይበልጣል፤ በሞላ ቁጥርም አፈሳሰሱ ይፈጥናል። ሙቀትም እንዲሁ ነው። በውጭና በውስጥ መካከል ያለው ልዩነት በሰፋ መጠን ወደ ውስጥ የሚገባው ሙቀት ይበዛል፤ ቤቱ ቀኑን ሙሉ በቀዘቀዘ መጠን ቀኑን ሙሉ ሙቀት ይስባል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ሰው ከሌለ ይጥፋ። ለአሥርና ለአሥራ አምስት ደቂቃ ጎረቤት ለመሄድ ግን ማጥፋትና ማብራት አያስፈልግም፤ የሚገኘው ቁጠባ ኢምንት ነው፣ ኮምፕሬሰሩንም ያለ ዕረፍት ማስነሣት አይመከርም።

አሁን ወደ አማትዎ ልመለስ። በሩ ገርበብ ሲል ቀዝቃዛው አየር በታች በኩል እየወጣ ትኩሱ በላይ በኩል ይገባል፤ ማሽኑም ግቢውን ሲያቀዘቅዝ ያመሻል። በቆጣሪው በኩል ስህተት ነው። ነገር ግን እንታፈናለን ያሉት ከምንም የመጣ ስጋት አይደለም፤ እንዲያውም «ኤሲ ካለ ንጹሕ አየር ይገባል» ብሎ ከሚያምነው ብዙ የተማረ ሰው ይልቅ እርሳቸው ለእውነቱ ቀርበዋል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ኤሲ ከውጭ አየር አያስገባም። ባለሙያው በግድግዳው የበሳውን ቀዳዳ ይመልከቱ፤ በዚያ የሚያልፉት ሁለት የመዳብ ቧንቧዎች፣ የኤሌክትሪክ ገመድና የውኃ ማፍሰሻ ቱቦ ናቸው። ማሽኑ ከላይ የሚስበውም ከታች የሚነፋውም ያንኑ የክፍሉን አየር ነው። ሰዎች ብቻ ለሚቀመጡበት ሳሎን ይህ አደጋ የለውም፤ አየሩ ታመቀ ሲባል ኤሲውን አጥፍቶ ለአምስት ደቂቃ በሩንና መስኮቱን ፊት ለፊት ከፍቶ ማናፈስ ሌሊቱን ሙሉ በሩን ገርበብ ከማድረግ የተሻለ ነው።

አደጋው ያለው ከሰል ላይ ነው። ብዙ ቤት ቡና የሚፈላው ሳሎን ውስጥ ነው፤ ኤሲ የገባበት ቤት ደግሞ ቅዝቃዜው እንዳይወጣ በሩንና መስኮቱን ይዘጋል። ከሰሉ ውጭ ተቀጣጥሎ፣ ጭሱ ጠፍቶ፣ ፍም ብቻ ሲሆን ወደ ቤት ቢገባ ችግር የለውም የሚለው እምነት ሰው የሚገድል እምነት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ጭስ አልባ ከሆነው ፍምም ይወጣል፤ ኤሲው ደግሞ ያንኑ አየር መልሶ መላልሶ ያዞረዋል እንጂ አያወጣውም። ክፍሉ ቀዝቃዛ ስለሆነ አየሩም ንጹሕ ይመስላል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ያለ ምክንያት እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ በተለይም በአንድ ክፍል የተቀመጡ ሁለት ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲሰማቸው፣ ከክፍሉ ወዲያው መውጣትና ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ኤሲ በበራበት ቤት ከሰል አይግባ፤ ቡናው በረንዳ ላይ ይፍላ፤ ሳሎን ውስጥ መፍላቱ የግድ ከሆነ ኤሲው ይጥፋ፣ በሩም መስኮቱም ይከፈት። ይህን ለአማትዎ ሲነግሯቸው ልክ ነበሩ ብለው ይጀምሩ፤ ያን ጊዜ በሩን ለመዝጋት ይስማማሉ ብዬ አስባለሁ።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ግን ከጣሪያው ጋር ሲወዳደር ትንሽ ነው። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ያህል ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ ሚያዝያ 12 ገደማ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ በትክክል ከአናታችን በላይ ትሆናለች። በዚያ ወር እኩለ ቀን ላይ ግድግዳ እምብዛም አይመታም፤ የቀትሩን ፀሐይ የሚቀበለው ጣሪያ ነው። ነፋስ በሌለበት ቀን የዛገ ወይም ጠቆር ያለ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ከ60 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል። ኮርኒስ ከሌለ ይህ የጋለ ብረት ሙቀቱን በቀጥታ ወደ ታች፣ ወደ ራሳችሁ ይረጫል። ባለቤትዎ ቁጥሩን ወደ 16 የሚያወርዱትም አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል፦ ቴርሞሜትር ቢሰቅሉ የክፍሉ አየር 26 ዲግሪ ሊያሳይ ይችላል፣ አናታቸው ግን እሳት አጠገብ የተቀመጠ ያህል ይሰማዋል። አየሩን የቱንም ያህል ቢያቀዘቅዙት ከጣሪያው የሚመጣውን ግለት አያጠፋውም።

ስለዚህ ለሁለተኛ ኤሲ የታሰበው ገንዘብ በቅድሚያ ወደ ኮርኒስ ይሂድ። ችፑድም ሆነ ጂፕሰም ይሁን፣ ፒቪሲም ይሁን፣ ዋናው ነገር በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ባዶ ቦታ መኖሩ፣ እዚያ የታመቀው አየርም መውጫ ማግኘቱ ነው። ጣሪያው በሁለቱ ወገን ጫፍ ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩ ቀዳዳዎች ይሠሩለትና አይጥና ወፍ እንዳይገባ በሽቦ ወንፊት ይሸፈኑ፤ ትኩሱ አየር በአንዱ ወጥቶ ሌላ በሌላው ይገባል። ከኮርኒሱ በላይ ሙቀት የሚከላከል ሽፋን መደረብ ከተቻለ ደግ ነው፤ በዕቃ ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን ነጭ ፎም የሚደረድሩ ሰዎች አሉ፤ ሙቀቱን መከላከሉን ይከላከላል፣ ነገር ግን እሳት ቶሎ ስለሚይዘው ያልተጠበቀ የኤሌክትሪክ ገመድ ባለበት ጣሪያ ውስጥ እንዲደረግ አልመክርም። ኮርኒሱ ዘንድሮ የማይቻል ከሆነ ቆርቆሮውን በነጭ የጣሪያ ቀለም መቀባት ርካሹ አማራጭ ነው፤ ነጭ ቀለም ብዙውን የፀሐይ ጨረር መልሶ ይሰደዋል።

ቀጥሎ የምዕራቡ መስኮት ነው። በዚህ ወቅት ከግድግዳዎቹ ሁሉ አስቸጋሪው እርሱ ነው፤ ከ8 ሰዓት በኋላ ዘቅዘቅ የምትለዋን ፀሐይ በቀጥታ ይቀበላል፣ ያም ባለቤትዎ ከሥራ እስከሚገቡበት ሰዓት ድረስ ነው። ወፍራም መጋረጃ ብንሰቅልም አልረዳም የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። የሚረዳው በጥቂቱ ነው፤ ፀሐይዋ መስታወቱን አልፋ መጋረጃውን ከመታች ሙቀቱ ቤት ገብቷል። ጥላው ከመስታወቱ በስተውጭ መሆን አለበት፦ ሰሌን፣ የሸንበቆ መጋረጃ፣ ሸራ፣ ወይም ጊዜ ካለዎት የሚንጠላጠል ተክል። ሰሌኑን ከሩቅ ማምጣት አያስፈልግም፤ ሐይቅ ዳር የሚኖር ሰው ሰሌን የሚሠራ አያጣም።

ሌሊቱን ደግሞ እንዳንረሳው። ባሕር ዳር መተማ አይደለችም። በመጋቢትና በሚያዝያ ቀኑ ወደ 30 ዲግሪ ቢደርስም ሌሊቱ ከ20 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ንጋት ላይ ብርድ ልብስ ያስፈልጋል። ብሎኬቱ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት መልሶ ይተፋዋል፤ መስኮቱ ተዘግቶ ከታደረ ያ ሙቀት እቤት ውስጥ አድሮ ለነገው ይደመራል። ሰው መስኮት የሚዘጋው ቢንቢ ፈርቶ ነው፣ ወባ ባለበት አካባቢም ትክክል ነው፤ መፍትሔው ግን መስኮቱን መዝጋት ሳይሆን ወንፊት ማስገጠም ነው። ወንፊት ባላቸው ሁለት ፊት ለፊት መስኮቶች ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ እስከ ንጋት ቤቱን ማናፈስ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ከመሆኑ በፊት ዘግቶ መጋረጃ መጣል፣ ይህን ብቻ በመሥራት ብዙ ቤት ያለ ኤሲ እስከ እኩለ ቀን ያለ ችግር ይቆያል። ቀን ቀን ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍሳል፤ ሐይቁ ከከተማው በስተ ሰሜን ስለሆነ በሰሜን በኩል ያለ መስኮት ካለዎት ሙቀቱ ባልበረታበት ሰዓት እርሱን ይጠቀሙበት።

ስለ ማሽኑ መጠን አንድ ነገር ልጨምር፤ የተገዛው ተገዝቷልና ለወቀሳ አይደለም። 16 ካሬ ሜትር ለሆነ ክፍል በተለመደው ስሌት 9,000 ቢቲዩ ይበቃል፤ የእናንተ ጣሪያ ኮርኒስ ስለሌለው 12,000 ይሁን ቢባል ያስኬዳል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች አየር በአንድ ስድስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ በዚህም ምክንያት ማንኛውም ኤሲ ሳጥኑ ላይ ከተጻፈው ትንሽ ያነሰ ነው የሚሠራው። ይህን ሁሉ ቆጥረንም 18,000 ይበዛል። ትልቅ ማሽን በትንሽ ክፍል ውስጥ ቶሎ አቀዝቅዞ ይቆማል፣ ቶሎ ይነሣል፣ መልሶ ይቆማል፤ ይህ ኮምፕሬሰሩን ይጎዳል፣ እርጥበቱንም በሚገባ አያወጣም። እስካሁን ይህን ያላዩት 16 ላይ ስለሆነና በሩ ክፍት ስለሆነ ነው። ሸጠው ሌላ ይግዙ አልልም፤ ኮርኒሱ ከተሠራ በኋላ ግን ከሳሎኑ ጋር የሚገናኘውን ክፍል በር ከፍተው ለሁለቱም እንዲያገለግል ቢያደርጉት መጠኑ በቦታው ይሆናል።

በውኃ የሚሠራው ማቀዝቀዣ ሐይቅ ዳር አይሠራም ያሏችሁ ሰው ክረምቱን አስቦ ከሆነ ልክ ነው። ሙቀቱ የሚበረታበት ወራት ግን ደረቅ ወራት ናቸው፤ ጣና አጠገባችን ቢሆንም የመጋቢት ከሰዓት በኋላ አየር ልብስ በአንድ ሰዓት የሚያደርቅ አየር ነው፣ ውኃውም በደንብ ይተንናል። የሚወስደው ኃይል ከቬንትሌተር እምብዛም አይርቅም። አንድ ሕግ ብቻ አለው፣ እርሱም የኤሲ ተቃራኒ ነው፦ መስኮት ተከፍቶ ነው የሚሠራው። ተዘግቶ ከተሠራ ክፍሉ በእርጥበት ይሞላና ከሙቀቱ ይልቅ ወበቁ ያስጨንቃል። ውኃው በየጊዜው ይቀየር፣ ማጠራቀሚያው ይታጠብ፤ የቆመ ውኃ ቢንቢ ይራባበታል።

ስለ ጋዙ አጭር ነው። በኤሲ ቧንቧ ውስጥ ያለው ጋዝ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ የሚያልቅ አይደለም፤ በተዘጋ መሥመር ውስጥ እየዞረ ለዓመታት ይኖራል። ከጎደለ የሆነ ቦታ ይፈሳል ማለት ነው፤ ፍሳሹን ሳይደፍኑ መሙላት ገንዘብን ወደ አየር መልቀቅ ነው። ባለሙያው ሲመጣ በመጀመሪያ ግፊቱን በጌጅ ለክቶ ያሳይዎት፤ ጎድሎ ከተገኘ ቧንቧዎቹ የሚገናኙባቸውን ብሎኖች በሳሙና አረፋ ይፈትሽ፤ አረፋው የሚያኮርፍበት ቦታ ፍሳሹ ያለበት ነው። ካልጎደለ አይሞላ፤ ከመጠን በላይ የተሞላ ጋዝም ኮምፕሬሰሩን ይጎዳል። የሚሞላውም ጋዝ ዓይነቱ በውጭው ሳጥን ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ ጋር አንድ መሆን አለበት፤ አር 410ኤ በሚል ማሽን ውስጥ አር 22 መጨመር ማሽኑን ማበላሸት ነው።

በእኔ ግምት ግን ያንሳል የተባለው ቅዝቃዜ ከጋዝ ይልቅ ከማጣሪያው ሊሆን ይችላል። የውስጡን ማሽን የፊት ክዳን ከሁለቱ ጎን ይዘው ወደ ላይ ያንሡት፤ ሁለት ቀጫጭን የፕላስቲክ ወንፊቶች ያገኛሉ። አውጥተው ወደ ብርሃን ሲይዟቸው በመካከሉ ብርሃን ካላለፈ ማሽኑ መተንፈስ አቅቶታል። የመንገዱ አቧራ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር፤ የሚቆላ ቡና፣ የዕጣንና የወጥ ጭስ የያዘው ቅባት አቧራውን ያጣብቀዋል። ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ይታጠቡ፣ ፀሐይ ላይ ሳይሆን ጥላ ውስጥ ይድረቁ፣ ሳይደርቁ አይመለሱ። በበጋ በየሁለት ሳምንቱ ቢሆን መልካም ነው፤ ለዚህ ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም። የውጭውን ሳጥን ከፀሐይ ለመከለል ብለው በቆርቆሮ የሚያጥሩት አሉ፤ ጥላ መልካም ነው፣ አጥር ግን አይደለም፤ ያ ሳጥን የሚተፋው ትኩስ አየር ተመልሶ ራሱ ከሳበው ሥራው ከንቱ ይሆናል።

መብራትን በተመለከተ፣ የጢስ ዓባይ ማመንጫ ቅርባችን ስለሆነ የእኛ ኃይል አይዋዥቅም የሚል እምነት በከተማው ይሰማል። ኃይሉ ወደ አገር አቀፉ መሥመር ገብቶ ነው የሚመጣው፤ ቤትዎ የሚደርሰውን ቮልቴጅ ይበልጥ የሚወስነው የሰፈሩ ትራንስፎርመርና ከእርሱ ላይ የተቀጠለው ሰው ብዛት ነው። ምሽት ላይ ሁሉም ሲያበራ ከ220 በብዙ የሚወርድ ከሆነ ኮምፕሬሰሩ እየተቃተተ ይነሣል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል፤ ለእርሱ የሚመጥን ስታቢላይዘር (ቮልቴጁን የሚያረጋጋ መሣሪያ) ያስፈልገዋል። መብራት ሲሄድ ኤሲውን ከብሬከሩ ያጥፉት፤ ሲመጣም አምስት ደቂቃ ያህል ቆይተው ያብሩት፣ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት እስኪስተካከል። ማሽኑ የራሱ መሥመርና የራሱ ብሬከር ይኑረው፤ ከቴሌቪዥኑ ጋር በአንድ ማከፋፈያ ላይ የተሰካ 18,000 ቢቲዩ ኤሲ ካለ ዛሬውኑ ይነቀል።

ሁለተኛውን ኤሲ አይግዙ። መኝታ ቤት የምትገቡት ሌሊቱ መቀዝቀዝ በሚጀምርበት ሰዓት ነው፤ ለዚያ ክፍል ኮርኒስ፣ በመስኮቱ ላይ ወንፊትና አንድ ቬንትሌተር ይበቁታል። ይህ ሁሉ ተደርጎ በሚቀጥለው ሚያዝያም እንቅልፍ ካጣችሁ፣ ያን ጊዜ 9,000 ቢቲዩ የሆነ ባለ ኢንቨርተር ይግዙ፤ ከመግዛታችሁ በፊትም የክፍሉን ስፋት፣ የመስኮቱን አቅጣጫና የጣሪያውን ዓይነት ጽፈው ይላኩልኝ።